መጭ የሚዘሩት እናት

ባንቺአየሁ ጣሊያን ያቃጠለውን የቡሬ ግቢዋን አመድ ሆኖ አገኘዋለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ቢጫ የመጭ አበባ ወገብ ድረስ ቆሞ፣ ንብ ሲተራመስበት ብታይ «በስመ አብ!» ብላ ፈዛ ቀረች። ቢሆንም የገበሬ እጅ አረም አያልፍምና ልትነቅል ጎንበስ አለች።

«ተይው ልጄ፤ እኔ ነኝ የዘራሁት።»

ከአጥሩ ጥግ የማታውቃቸው አሮጊት ቆመዋል። ቀሚሳቸው ዳር ዳሩ በእሳት ተለብልቧል፤ የነጠላቸው ጫፍ ዘር ቋጥሯል።

«እናቴ፣ መጭ ይታረማል እንጂ ይዘራል?»

«ንቡ ከተመለሰ ባለቤቱም ይመለሳል ብዬ ነው። በየተቃጠለው ግቢ እዘራለሁ።»

«የእርስዎስ ቤት?»

«ሽንዲ ነበር። እሱን ለማየት አንጀቴ አልቻለም።»

ይህን ብለው ወደሚቀጥለው አመድ አዘገሙ። ባንቺአየሁ ከአበባው መሀል ዘር የያዘ ራስ ቀጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና ተጣራች፦

«እናቴ! ቤትዎ ሽንዲ የት ላይ ነበር?»