ያልተነዳው አሳማ

ካልታፓንግ የሚሰማው በቀኝ ጆሮው ብቻ ነው። ግራውን ገና በሃያ ዓመቱ ባሕሩ ወስዶበታል። ያን ጊዜ ነጋዴዎች አድርቀው ወደ ቻይና የሚልኩትን ኪያር መሳይ የባሕር ፍጡር ከወለሉ እየለቀመ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ጆሮው ውሃውን እስኪላመድ ሳይጠብቅ በጥድፊያ ወረደና ራሱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ከዚያ ወዲህ በግራው በኩል ያለው ዝምታ ብቻ ነው። መንደርተኛው የማይወደውን ወሬ ሲያመጣበት ፊቱን ወደ ቀኝ ያዞርና ግራ ጆሮውን ይሰጠዋል። ሚስቱ ሌይታው ይህን ተንኮሉን ስለምታውቅ፣ የምር ነገር ሲኖራት አገጩን ይዛ ነው የምታዞረው።

የተሰበረው ጆሮ ግን ታጋሽ አስተማሪ አደረገው። በየሁለት ሳምንቱ ትልቁ የመዝናኛ መርከብ ከአውስትራሊያ ወደ ደሴቷ ይመጣና ከመንደሩ ፊት ለፊት መልሕቁን ይጥላል። ከዚያ የሚወርዱትን፣ በሕይወታቸው ከወገባቸው በታች ውሃ ገብተው የማያውቁ ጡረተኞች ሳይቀር፣ የአየር ሲሊንደር አሸክሞ ወደ ዓሦቹ የሚያወርዳቸው እሱ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሰው አልተጎዳበትም። እውነቱን ለመናገር ጉብዝናው ብቻ አይደለም። ከመንደሩ ፊት ያለው ውሃ ዙሪያውን ኮራል የሚባለው የባሕር ዓለት ያጠረው፣ እንደ ሳህን የተኛ፣ ወለሉ ነጭ አሸዋ የሆነ ውሃ ነው። ጀማሪው አሸዋው ላይ ይንበረከካል፣ መተንፈስ ይለማመዳል፤ ከደነገጠ ብድግ ብሎ ቆሞ ራሱን ከውሃው ያወጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰነፍም ያስተምራል።

በዚያ ዓመት በነሐሴ አባቱ፣ የመንደሩ ሹም፣ ሞተ። የሞተው በመርከብ ቀን ነው። ካልታፓንግ ከሦስት እንግዶች ጋር ውሃ ውስጥ ስለነበር ቢጠሩት አልሰማም። ሲወጣ አስከሬኑ በምንጣፍ ተጠቅልሎ ጠበቀው። ያ ሳያንሰው፣ የሹመቱን ቦታ የወረሰው ታላቅ ወንድሙ ካሎሪብ፣ ወንዶቹ ሁሉ ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ሊጠጡ በተሰበሰቡበት ቤት፣ ጎድጓዳ ዕቃውን እንደያዘ፣

«የእኛ ጠላቂ እኮ፣ አባቱ ሲሞት ለነጮች ዓሣ ያሳይ ነበር» አለ።

ሰው ሳቀ። ምናልባት ካሎሪብ ራሱ ለቀልድ ያለው ነበር፤ ሐዘን ሰውን የማይሆን ያናግረዋል። ካልታፓንግ ግን ያን ቀን ግራ ጆሮውን ማዞር አልቻለም፣ ነገሩ በቀኙ ገብቷል። ከዚያ ማታ ጀምሮ «ወንድም ዓለም» ይለው የነበረውን ሰው «ሹሙ» ማለት ጀመረ።

በቀብሩ ማግስት ካሎሪብ እንደ ሐዘን ሥርዓቱ ከኮራሉ ዳርና ዳር እንጨት አቁሞ የናሜሌ ቅጠል አሰረባቸው። ያ ቅጠል በታሰረበት ውሃ መቶ ቀን ዓሣ አይጠመድም፣ ልጅ አይዋኝም፣ እንግዳም አይገባም። የሚያስገድድ ጉዳይ ያለው ሰው ግን መንገድ አለው። አንድ አሳማ ነድቶ፣ አንድ ምንጣፍ ተሸክሞ ሹሙ ደጅ ይሄዳል፤ ተቀምጦ ይለምናል፤ ቅጠሉ ለአንድ ቀን ይፈታል።

«አሳማው እዚያው ታስሯል» አለችው ሌይታው፣ መርከቡ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አገጩን ይዛ። «ምንጣፉንም ጨርሻለሁ። ሂድና ለምነው።»

«እሱ ደጅ ቁጭ ብዬ?»

«አዎ ቁጭ ብለህ! ቂጥህ ወርቅ ነው እንዴ?»

«በሰው ፊት ያዋረደኝ እሱ ነው። እሱ ይምጣ።»

«ሹም ወደ ታናሹ ሲሄድ የት አይተሃል? አንተ ሰውዬ፣ እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል።»

«ከኮራሉ በር ውጭ አወርዳቸዋለሁ። ባሕሩ የእሱ ብቻ አይደለም።»

ሌይታው እጇን ከአገጩ ላይ አነሳች። የኮራሉ በር ማለት ውሃው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚጎርፍበት ጠባብ ክፍተት ነው። አሸዋ የለውም፤ ቁልቁል ገደል ነው። እሱ ራሱ ጀማሪ ወደዚያ የሚወስዱ ሰዎችን ሲሳደብ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች።

መርከቡ በሰዓቱ መጣ። ለመጥለቅ የተመዘገቡት አንድ ወጣት ባል ከነሚስቱና ቤሪል የምትባል የስልሳ ሰባት ዓመት ሴት ነበሩ። የቤሪል ባል ኔቪል የፀሐይ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ጀልባው ላይ ሊጠብቃት ተቀመጠ።

«ኔቪልማ የገላ መታጠቢያም ያስፈራዋል» አለች ቤሪል፣ የመጥለቂያውን የጎማ ልብስ ለመልበስ እየታገለች። «እኔ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ። ስልሳ ልጅ ከኋላዬ ሲጮህ ያልደነገጥኩ፣ ዓሣ ያስደነግጠኛል?»

«እናቴ፣ አንድ ነገር ብቻ አይርሱ» አላት ካልታፓንግ። «የፈለገው ቢመጣ ትንፋሽዎን አይያዙ። በተለይ ወደ ላይ ሲወጡ። ሳንባ ውስጥ የተያዘ አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይሰፋል፤ ይቀደዳል።»

«ባሌን አርባ ዓመት አላስተነፈስኩትም፤ እኔ ግን እተነፍሳለሁ።»

ኔቪል ከመርከቡ የተሰጣቸውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ አየው። «እዚህ ፎቶው ላይ ሰዎቹ አሸዋ ላይ ተንበርክከዋል» አለ። «ቦታው ይኸው ነው?»

ካልታፓንግ ሰምቶታል። ኔቪል የተቀመጠው በቀኙ ነበርና።

«ዛሬ የተሻለ ቦታ ነው የምንሄደው» አለ። «እዚያ ዓሣው ይበዛል።» በሃያ ሁለት ዓመት ለእንግዳ ሲዋሽ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ባሕሩ ሞልቶ መጉደል እስኪጀምር ውሃው እዚያ በር ላይ ትንሽ ያርፋል፤ የተማመነው በዚያች ዕረፍት ነው። ግን ጀልባዋ ዞራ እስክትደርስ፣ ወጣቷ ጭንብሏን አስተካክላ እስክትጨርስ ጊዜው ሄደ። መንበርከኪያ ስለሌለ ከጀልባዋ የተጣለውን ገመድ እየያዙ መውረድ ነበረባቸው። ከሁለት ሰው በላይ በአንዴ ማውረድ አልነበረበትም፤ ያለው ሁለት እጅ ነው። መርከቡ ግን ቀትር ላይ ይነሳል፣ ቸኮለ። ሁለቱን ወጣቶች በሁለት እጁ ይዞ፣ ቤሪልን ከሁሉ ስለተረጋጋች ከፊቱ ገመዱ ላይ ተዋት።

ስምንት ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው በበሩ መጉረፍ ጀመረ። በመጀመሪያ ገመዱ ተጋደመ፣ ቀጥሎ የቤሪል ጭንብል ከፊቷ ላይ ላላና ውሃ ሞላው። ካልታፓንግ ዓይኗን አየው። አሸዋ ላይ ቢሆን ኖሮ ጉልበቷ መሬት ይነካ ነበር፤ ትከሻዋን ይዞ አፍንጫዋ በውሃ ቢሞላም በአፏ መተንፈስ እንደምትችል ያሳያት ነበር። ከበታቿ የነበረው ግን ጥቁር ገደል ብቻ ነው። የምትተነፍስበትን ቱቦ ከአፏ ተፋች፣ ጉንጯን ነፋች፣ ገመዱን ለቀቀች፤ ወደ ላይ ተወነጨፈች። ወጣቱን ለቆ እግሯን ያዘ። በእጁ የቀረው ግን የመቅዘፊያ ጫማዋ ብቻ ነበር።

ወጣቶቹን ይዞ ሲወጣ ኔቪል ጀልባው ጫፍ ላይ ተደፍቶ የሚስቱን ክንድ ይጎትት ነበር። ከአፏ ሮዝ አረፋ ይወጣል። ካልታፓንግ ደረቷን እየተጫነ፣ አፍ ለአፍ እየነፋ፣ መንደሩ ዳርቻ እስኪደርሱ አላቋረጠም። ጀልባዋ የናሜሌው ቅጠል በታሰረበት እንጨት ጎን ስታልፍ ውስጡ ያለው ውሃ ፀጥ ብሎ ተኝቶ አየው፤ አሸዋው ከሥሩ ይታያል። ቤሪል ዳርቻው ላይ፣ መንደሩ ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ሞተች።

ፖሊስ መጣ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ። ኔቪል አልጮኸም፣ አልሰደበውም። ወረቀቱን ብቻ ዘርግቶ ፎቶውን በጣቱ ነካና፣

«እሷ እዚህ አሸዋው ላይ መንበርከክ ነበር የፈለገችው» አለው። «ጉልበቴ መሬት ከነካ አልፈራም ብላ።»

መርከቡ ያለ ቤሪልና ያለ ኔቪል ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ካልታፓንግ አሳማውን ፈታ፣ ምንጣፉን ተሸከመ፣ ወንድሙ ደጅ ሄዶ መሬት ላይ ቁጭ አለ። አሁን ማንም ሳይነግረው ተቀመጠ። ካሎሪብ ወጣ፣ አሳማውን አየ፣ ወንድሙን አየ።

«ይህ ለምንድን ነው?»

«ለሴትየዋ። በባሕራችን ሞታለች። በሩ ላይ ቅጠል ይታሰርላት፤ ለአባታችን እንደታሰረው፣ መቶ ቀን።»

«ይታሰርላታል።» ካሎሪብ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። መጥቶ ምድር ላይ፣ ከወንድሙ ቀኝ ተቀመጠ። ሹም መሬት ላይ አይቀመጥም። አፉን ወደሚሰማው ጆሮ አስጠጋ።

«የመርከቡ ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ እዚህ ቁጭ ብዬ ነበር። ብትመጣ እንደምፈታልህ ለሽማግሌዎቹ ነግሬያለሁ። ቢላዋውም ቅጠሉን ልፈታበት እጄ ላይ ነበር። ጀልባህ ወደ በሩ ስትዞር አየኋት፤ ልጠራህ ተነሳሁ። ሹም አይጠራም አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሳማም አልፈለግኩም፣ ወንድሜ። ብቅ ብትል ይበቃኝ ነበር።»

ካልታፓንግ ባለበት ዞሮ ተቀመጠ፣ ግራ ጆሮውን ሰጠው። ነገሩ ግን በቀኙ ገብቶ ነበር።