ሩሲ ያመጣው የናስ ቱቦ

ከተራራ ሥር በምትገኘው የስሊቨን ከተማ ነፋስ እንግዳ አይደለም። «ሰማያዊ ድንጋዮች» ከሚባለው ተራራ ተንደርድሮ ሲወርድ ቆርቆሮ ይነቅላል፣ የሰው ባርኔጣ ይዞ ይሮጣል፤ ባልቴቶችም መስኮታቸውን እየዘጉ «ዛሬ ደግሞ ማንን ሊወስድ መጣ?» ይባባላሉ። የዚያን ዕለት ጠዋት ቨርጊኒያ ሱቋን ስትከፍት በሩ ከእጇ አምልጦ ከግድግዳው ጋር ተላተመና መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ቆም ብላ አየችው። በገድ የምታምን ሴት አይደለችም። ቢሆንም ስንጥቁን በፕላስተር ደራርባ ለጠፈችው።

ቨርጊኒያ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ወጣትነቷን የጨረሰችው በአምፖል ፋብሪካ፣ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስትጠቀልል ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ልብስ ሰፋች፣ የሰው ቤት ጠረገች፣ ያልሞከረችው የለም። ሲጋራ ግን ከከንፈሯ ተለይቶ አያውቅም ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ዘፈን ነበር፤ በሰፈሯ የሴቶች የዘፈን ቡድን ውስጥ የምታቀነቅነው እሷ ነበረች። አንድ የፋሲካ ሰሞን ድምጿ መሃል ላይ እንደ ክር ተበጠሰና የቡድኑ መሪ በደግ አነጋገር «ትንሽ ረፍት ውሰጂ» አለቻት። ረፍት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። በዚያው ሳምንት ሲጋራውን ጥላ ቬፕ ያዘች፤ በባትሪ የሚሠራውን፣ ጭስ ሳይሆን እንፋሎት የሚያወጣውን። ድምጿ እንደ ቀድሞው አልተመለሰላትም። እጆቿ ግን የድሮ ሥራቸውን አገኙ፤ የቬፕም ልቡ የተጠቀለለ ሽቦ ነውና። ከገበያው ጀርባ፣ ከቁልፍ ቀራጩ ከካንቾ አጠገብ፣ ጠባብ ሱቅ ተከራየች። ሲጋራ ማቆም አቅቷቸው የሚመጡትን ጀማሪዎች እያስቀመጠች፣ ሽቦውን ራሳቸው ጠቅልለው እንዲሄዱ ታስተምር ጀመር።

የዚያን ዕለት ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪዋ ዝላትካ ነበረች።

«እኔ እንኳ የምፈራው እጄ ላይ እንዳይፈነዳብኝ ነው» አለች ዝላትካ፣ ዱቄት ያልለቀቃቸውን ጣቶቿን እያሻሸች።

«ፍሪው። የሚፈነዳው በማይፈራው ሰው እጅ ላይ ነው» አለቻት ቨርጊኒያ። «በይ፣ ሽቦውን በዚህች ዘንግ ላይ ጠቅልይ። ሰባት ዙር። አታጥብቂው፣ አታላዪውም። ልክ ነሽ፣ እንደሱ። አሁን የሽቦውን ሁለት እግሮች በሳጥኑ አናት ባሉት ብሎኖች ሥር አስገቢና በካቻቢቴዋ እሰሪ። የተረፈውን ቁረጪ። ምንም ቀሪ እንዳይኖር! አንዷ እግር ወጣ ብላ የሳጥኑን የብረት ግድግዳ ከነካች ኮንታክት ፈጠረች ማለት ነው።»

ዝላትካ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ቆረጠች። ቨርጊኒያ ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚነግራት መለኪያ ላይ አስቀመጠችው፤ ግማሽ ኦም አነበበ። ከዚያ የኃይሉን መጠን፣ ዋቱን፣ ዝቅ አድርጋ ቁልፉን ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ፣ ለቀቅ አስደረገቻት። ሽቦው ከመሃሉ ቀላ፣ ቅላቱም ቀስ ብሎ ወደ ዳርና ዳር ሄደ።

«ሁልጊዜ ከመሃል ነው መቅላት ያለበት። ከዳር ከጀመረ በወረንጦ አሸት አሸት አድርጊው። አሁን ጥጡን በመሃሉ አሳልፊ። ሲሳብ ትንሽ መያዝ አለበት፤ ከታፈነ እንፋሎት የሚሆነውን ፈሳሽ አይጠጣም፣ ከላላ ደግሞ ይረጭብሻል። በደንብ አርጥቢው። ደረቅ ጥጥ ካቃጠልሽ አፍሽ ሦስት ቀን የተቃጠለ ጨርቅ ነው የሚለው። ዋቱን ከሃያ ጀምሪ፣ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፤ ጉሮሮሽ ሲቆጣ መልሺ። ይቺ ቀለበት ደግሞ የአየር መግቢያዋ ናት። ስትከፍቻት ቀዝቀዝ ብሎ ብዙ ይወጣል፤ ስትዘጊያት ሞቅ፣ ጠበብ ይላል። ሲጋራ የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ጠበብ ያለውን ነው የሚወደው።»

ዝላትካ ሳበች፣ አሳላት፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ያን ጊዜ በሩ ተበርግዶ ነፋሱና ሩሲ አብረው ገቡ።

ሩሲ የቨርጊኒያ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሱፍ ክር በጭነት መኪና ጭኖ ተራራውን እየተሻገረ ወደ ሰሜን የሚያደርስ ሾፌር። ሲስቅ ጎረቤት ይሰማዋል። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ዛሬም ሲያያት ልጅ ልጅ ይለዋል።

«እታለም! ያቺን የሕፃን ጡጦ ሳጥንሽን ወደዚያ በያትና የወንድ ዕቃ እዪ!» ብሎ ከባድ የናስ ቱቦ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገ። «ድንበር ላይ ከአንድ ሾፌር ጋር በአንድ ጠርሙስ የራኪያ አረቄ ለወጥኩት።»

ቨርጊኒያ ቱቦውን አነሳችው። ኃይሉን የሚቆጣጠር የውስጥ ቦርድ የሌለው ቬፕ ነው፤ ባትሪ፣ ከሥሩ አንድ ቁልፍ፣ ከላይ ሽቦው፣ ሌላ ምንም። ሽቦውን ለካችው። መለኪያው ከአንድ አሥረኛ ኦም እምብዛም ያልራቀ ቁጥር አሳየ። ባትሪውን ስታወጣው ደግሞ ከአናቱ አጠገብ ሽፋኑ የምስር ፍሬ ያህል ተልጦ ብረቱ ይታያል።

«ሩሲ፣ በዚህ ስበህበታል?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ! ጋቢናው ጉም ነው የሚመስለው፤ መንገዱን በግምት ነው የነዳሁት።»

«ስማኝ» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «የኔ ሳጥን አንጎል አለው። ሲበዛበት ራሱ ይዘጋል። ይሄ የጠየቅከውን ሁሉ ይሰጥሃል። ሽቦው እንዲህ ሲያንስ ከባትሪው አቅሙ የማይችለውን ነው የምትጠይቀው። እሱም እንቢ አይልህም፤ እስኪሞት ይሰጥሃል።»

«አየሽ ዝላትካ? ሰባት ዓመቴ እያለም እንደዚሁ ነበረች። ወንዝ አትግባ፣ ዛፍ አትውጣ! እኔ አርጅቼ እንኳ ፍርሃቷ አላረጀም።»

ቨርጊኒያ አልሳቀችም። የባትሪውን ሽፋን ልጣ አዲስ አለበሰችው፣ በፀጉር ማድረቂያም አጣበቀችው። የነበረውን ሽቦ ነቅላ ጥላ በልኩ ጠቀለለችለት፣ ግማሽ ኦም። ሩሲ ሳበና ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄ የአሮጊት ትንፋሽ ነው!» አለ። «በቃ፣ ቦዛ ጠጥቼ ልምጣ፤ እስከዚያ ሐሳብሽን ቀይሪ።» ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ዝላትካ አንገቷን አስግጋ «ደብቂው» አለቻት። «ጠፋ በይው።»

ቨርጊኒያ ቱቦውን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ዘጋችው። ነገር ግን ሩሲ ከንፈሩን እየጠረገ ተመልሶ መዳፉን ሲዘረጋ፣ ልክ በልጅነቱ ከረሜላ ሲጠይቃት እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሲስቅ፣ መሳቢያውን መልሳ ከፍታ ቱቦውን ሰጠችው። ሩሲ ግንባሯን ስሞ፣ ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ አንስቶ፣ ከነፋሱ ጋር ወጣ።

ዝላትካም ከሄደች በኋላ ቨርጊኒያ ጠረጴዛውን ማስተካከል ያዘች። ጥጡ አለ። መቀሱ አለ። የወፍራሙ ሽቦ ጥቅል ግን ቦታው ላይ የለም። ከጠረጴዛው ሥር አየች፣ ቆሻሻ መጣያውን ገለበጠች። የለም። ጠርሙሱን ሲያነሳ አብሮ ወስዶታል። የሚሠራውንም ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልጋትም፤ የሆነ ቦታ ቆሞ በወፍራሙ ሽቦ እንደ ድሮው ኦሙን አሳንሶ ሊጠቀልለው ነው።

ይኼን እያሰበች ሳለ ሌላ ነገር መጣባት። ቱቦውን በእጇ ስታገላብጠው ከሥሩም ከጎኑም ቀዳዳ አላየችም። እንዲህ ያለ ቱቦ ባትሪው ቢታመም ጋዙ የሚወጣባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ሊኖሩት ይገባል። ያኛው ድፍን ነበር። ሽቦውንና ባትሪውን ስታይ ቱቦውን ራሱን አላየችም። የሰጠችው ሁለቱም ጫፉ የተደፈነ የናስ በርሜል ነው።

ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። አሁን ደግሞ አይጠራም።

«ካንቾ!» ብላ ወደ ጎረቤቷ ሮጠች። «መኪናህን አስነሳ።»

ካንቾ ከቁልፍ መሞረጃው ቀና አለ። «እትዬ ቨርጊኒያ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ ኖራ መስሏል።»

«ሩሲን ተራራው ላይ መድረስ አለብን። መንገድ ላይ እነግርሃለሁ።»

የካንቾ አሮጌ መኪና ዳገቱን እያቃሰተች ወጣች። ከላይ ያለው ጫካ በነፋሱ ወዲያና ወዲህ ይናወጣል፤ የተገነጠሉ ቅርንጫፎች አስፋልቱ ላይ ተጋድመዋል። ከፍ ሲሉ ጉሙ ተቀበላቸው። ካንቾ ሊያጽናናት ሞከረ። «ሰውየው እኮ ሕፃን አይደለም። ስልኩ ኔትወርክ አጥቶ ይሆናል። እዚህ ጋ ሁሌም አይሠራም።» ቨርጊኒያ የሚመጣውን ሁሉ መኪና ሰሌዳ ታያለች። አንድ አምቡላንስ በተቃራኒው ሲያልፍ እጇ የካንቾን ክንድ ጨመደደ። ባዶውን ይመለስ ይሁን፣ ሰው ይዞ ይሁን፣ በጉሙ ውስጥ ማየት አልተቻለም።

ከመተላለፊያው አናት ጥቂት ሲቀራቸው ብርቱካንማ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አዩ። የሩሲ መኪና ጥግ ይዛ ቆማለች። የጋቢናው በር ተከፍቶ ነፋሱ እያላተመው ነው። የፊት መስታወቷ ላይ የቡጢ መጠን ያለው ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳውም ስንጥቆች እንደ ሸረሪት ድር ወጥተዋል። ውስጡ ጥቁር ጭስ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። ሾፌር የለም።

«ሩሲ!» ብላ ጮኸች። ለዓመታት ያልወጣ ድምፅ ከደረቷ ወጣ፤ ጉሙም ዋጠው።

«እዚህ ነኝ» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ከኋላ ጎማው ሥር፣ ካልቀለጠው በረዶ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁን በሹራቡ ጠቅልሎ ከሆዱ ጋር አጣብቆታል፤ ሹራቡ ከግራጫ ወደ ጥቁር ተለውጧል። ቅንድቡ የለም።

«ነፋሱ እስኪበርድ ብዬ ነው የቆምኩት» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ባንቺው ሽቦ ጠቀለልኩት። ትንሽ ስቤ የብርጭቆ ማስቀመጫው ላይ አቆምኩት። ቁልፉ ከሥሩ እንደሆነ ረሳሁት፤ በራሱ ክብደት ተጫነው መሰለኝ። መጀመሪያ ሽታ መጣ። ከዚያ ማፏጨት ጀመረ። እታለም፣ እንደ እባብ ነው ያፏጨው። በመስኮት ልጥለው ያዝኩት…»

«ዝም በል። አትናገር።»

«በግራ ጆሮዬ ምንም አይሰማኝም። በዚህኛው ንገሪኝ።»

ቨርጊኒያ ስካርፏን አውልቃ ክንዱን ከላይ አሰረችለት። ካንቾ የጋቢናውን በር ሊዘጋ ሄዶ ወንበሩ ላይ የፈሰሰውን ደም አይቶ ተመለሰና ፊቱን ወደ ጫካው አዞረ።

ሐኪሞች ሁለት ጣት ቆረጡለት። ግራ ጆሮው ግማሽ ያህል ተመለሰ። ዳግመኛ የጭነት መኪና አልነዳም፤ የሱፍ መጋዘን ውስጥ ጥበቃ ሆነ፣ ያቆመውንም ሲጋራ እንደገና ጀመረ። እህቱ ሱቅ ደጃፍ ለረጅም ጊዜ ድርሽ አላለም። ጠልቷት ይሁን አፍሯት፣ እሷም አልጠየቀችም። ዝላትካ ሳጥኗን በዳቦ ከረጢት ጠቅልላ አምጥታ፣ ዓይኗን ሳታነሳ «ውሰጂልኝ፣ ሌሊት ሌሊት ሲያፏጭ ይሰማኛል» ብላ ሄደች። ቨርጊኒያ የናስ ቱቦ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ ከበር ትመልሳለች። የሚሰድባት አለ፤ የሚስቅባትም አለ። ትከሻቸውን እየነቀነቁ ወደ ሌላ ሱቅ ሲሄዱ እስኪሰወሩ ድረስ ከኋላቸው ታያቸዋለች።

በመከር አንድ ቀን ሩሲ መጣ። ከስቷል፤ ሳሉ ከእሱ ቀድሞ ገባ። የጀማሪዎቹ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሲጋራው ደረቴን ዘጋኝ» አለ። «ከጀማሪ ቁጠሪኝ።»

ቨርጊኒያ አንጎል ያለውን ሳጥን አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ሽቦውን፣ ዘንጉን፣ ጥጡን ሰጠችው። በቀሩት ጣቶቹ ዘንጉን ይዞ በግራ እጁ ጠቀለለ። ጠማማ ወጣ። ፈታው፣ ደግሞ ጠቀለለ። «ወንዝ አትግባ አትዪኝም?» ሊላት ሞከረ፤ ቀልዱ ግን መሃል መንገድ ላይ ሞተ። እሷም «እግሮቹን ቁረጥ። ጠጋ አድርገህ» ብቻ አለችው።

መለኪያው ግማሽ ኦም አነበበ። ሽቦው ከመሃሉ ቀላ። ጥጡ ረጠበ፣ ዋቱ ሃያ ላይ ቆመ፣ የአየሩ ቀለበት ግማሽ ተዘጋ። ሩሲ ሳጥኑን ወደ አፉ አቀረበና አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተጫነው። ቸስ የሚል ለስላሳ ድምፅ ተሰማ፤ እንፋሎቱም ቀጭን ሆኖ ወጣ። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ በጎኑ አጋድሞ እጁን ሰበሰበ።

ኃይል መቆሙን በመጥፋቷ የምታሳውቀው የቁልፉ መብራት ገና አልጠፋችም ነበር። እህትና ወንድም እስክትጠፋ እየጠበቁ መብራቷን አፍጥጠው ያይዋት ጀመር።