ሳራ ከማን ጋር ጾመች?

ቅዳሜ ጠዋት... ከየካ ሚካኤል በላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫካ ይዘን ቀስ እያልን ዳገቱን እንወጣለን። ሦስት ተማሪዎቼና እኔ። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እንኳ እንደ ልማዴ ስለ ካሮትና ስለ ጎመን እለፈልፋለሁ።

ለማታውቁኝ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የአመጋገብ ክበብ አለችኝ። ክበብ ስላችሁ ድግስ እንዳይመስላችሁ... ፖስተርና ወሬ ብቻ ናት። በጀት የለማ! አንድ ቀን እንኳ የሚበላ ነገር ቀርቦባት አያውቅም።

ልጆቹ ከየዓይነቱ ቤት ነው የሚመጡት፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገውም ከክፍለ ሀገር የመጣውም። ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ሮመዳን ገጥመው ግማሹ ክፍል ጾመኛ ነው። ስለዚህ «እየጾምኩ ነው» ያለኝን ልጅ አልነዘንዝም። የሰው እምነት ውስጥ ምን አገባኝ?

ሜሮንና ፈቲያ ከፊት ከፊት እየተከራከሩ ይሄዳሉ። ሳራ ከኋላ ናት። ዘንድሮ ከሆሳዕና ከተማ የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ክበቡ ውስጥ ከሁሉም ጎበዝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሷ ግን ወፍራም ሹራብ ለብሳለች።

«አይሞቅሽም እንዴ?» አልኳት።

«ይበርደኛል ቲቸር።»

እኔም ወደ ጎመን ወሬዬ ተመለስኩ።

ትንሽ እንደሄድን ከኋላዬ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዘወር ስል ሳራ መሬት ላይ ተዘርራለች።

በስመአብ! ሮጬ ደረስኩ። ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ እጇ በረዶ ነው። የልብ ምቷን ልፈልግ እጅጌዋን ስሰበስበው... ክንዷ! በሁለት ጣቴ ስይዘው ጣቶቼ ዞረው ተገናኙ። ስልኬን አወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። መኪና የሚደርስበት መንገድ ገና ታች ነው። የሰው ልጅ እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው!

ሜሮን ማልቀስ ጀመረች። «ጾሙ ነው ቲቸር! ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው ብላ ምሳ ሰዓት ምንም አትቀምስም።»

ፈቲያ ቀና አለች። «የምን ሁዳዴ? ሮመዳንን ከኔ ጋር እየጾመች ነው እንጂ! አብሬሽ ልጹም ብላኝ ደስ ብሎኝ... ማታ ቤቴ ነው የማፈጥረው ትለኛለች።»

ሁለቱ ተያዩ። እኔም እነሱን አየሁ። ያኔ ነው እውነተኛው ፍርሃት የያዘኝ፣ ከመውደቋ የባሰው።

ደግነቱ ዓይኗን ገለጠች። ፈቲያ ለማፍጠሪያ ቦርሳዋ ውስጥ የያዘችውን ቴምር አውጥታ፣ ፍሬውን ፈልቅቃ አፏ አጠገብ አደረገችላት። ሳራ ቴምሩን አየችው፣ ከዛ እኔን አየችኝ።

«ቲቸር... ይሄ ስንት ካሎሪ አለው?»

ሞት አፋፍ ላይ ሆና! ካሎሪ የሚለውን ቃል ያስተማርኳት ደግሞ እኔው ነኝ። በስንት ልመና ግማሹን ዋጠችልን።

ከዛ አዘልኳት። እኔ! አንድ ፎቅ ስወጣ ሁለቴ የማርፈው ሴትዮ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ አዝዬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ምንም አልከበደችኝም። ብትከብደኝ ምን ነበረበት እያልኩ ነው የወረድኩት።

ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ተሰካላት። ሐኪሙ የልብ ምቷን ሰምቶ ፊቱ ተቀየረ። ወደ ጎን ወሰደኝና «ይሄ የጾም ድካም አይደለም፤ ልጅቷ ምግብ ትታለች። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ልቧ ነበር የሚቆመው» አለኝ።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩ። «ለምን የኔ ቆንጆ?»

«አዲስ አበባ ከመጣሁ ሁሉም ዘመድ ጉንጬን እየያዘ ተመችቶሻል፣ ወፈርሽ ይለኛል» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኛ እኮ ደስ እንዲላት ብለን ነው እንዲህ የምንለው... ስንቱን ልጅ እንዲህ ብያለሁ!

እናቷ ቀበና ትንሽ ሱቅ አላት። ዘግታ እያለከለከች መጣች። ልጇን አገላብጣ ስማ ስታበቃ ወደኔ ዞረች። ከየት እንደምጀምር ጨንቆኝ «እርስዎ ስለ ጾሙ ያውቁ ነበር?» አልኳት።

«የምን ጾም? እኛ እኮ ጴንጤ ነን ቲቸር፣ ሁዳዴ የለብንም» አለችኝ ግራ ገብቷት።

ከዛ ሁለት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና ሳመችው። «ብቻ ጌታ ይባርክዎት! ክበባችሁ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር? እኔ ሱቅ አመሻለሁ። እሷ ግን በየቀኑ እናንተ ጋ ጠግባ እየበላች ነው የምትመጣው። እራት ስላት እንኳ ክበብ በልቻለሁ ትለኛለች።»

ለሜሮን ሁዳዴ፣ ለፈቲያ ሮመዳን፣ ለእናቷ ደግሞ እኔ! እጄ እጇ ውስጥ እንዳለ፣ ክበባችን አንድ ቁራሽ ዳቦ እንኳ አቅርባ እንደማታውቅ ነገርኳት። አልጮኸችም። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችውና ልጇ እግር ስር ቁጭ አለች።

ሳራ አሁን ሆስፒታል ተኝታ እየታከመች ነው። ሜሮንና ፈቲያ በየተራ አጠገቧ ቁጭ ብለው ያጎርሷታል፤ አንዳንዴ እሺ ትላለች፣ አንዳንዴ እንቢ ብላ ታለቅሳለች። ገና ነው፣ እኔም ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ።

በሕይወቴ ብዙ ተመርቄያለሁ... የሳራ እናት ምርቃት ግን እስካሁን አልዋጥ ብሎኛል።