በስልክ የደረስኩት ለቅሶ

ደብረ ማርቆስ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እማማ እያልኩ የምጠራቸው የቤት አከራዬ ወንድም ቁይ ላይ አረፉ። እኔ በዚያ ሳምንት ፈተና ልቆጣጠር ደጀን ሄጄ ስለነበር ሐዘኔን በስልክ መልእክት ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ «በጣም አዝኛለሁ» አልኩ። የፈቃድ መጠየቂያ ማመልከቻ መሰለኝ። «እጅግ» ብዬ ቀየርኩት፤ እሱም ሳሳብኝ። በመጨረሻ «በጥልቅ አዝኛለሁ» ብዬ ላክሁ። ስሜቱ ሲከብድ ቃሉም ይክበድ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝና በራሴ ኮራሁ።

ስመለስ እማማ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ተቀበሉ። ጠዋት ጠዋት «ቀምሰህ ውጣ» የሚሉኝም ቀረ። የወለደችኝ እናቴ ሩቅ ናት፤ እዚህ አገር እናቴ ያልኳቸው እሳቸውን ነው። እንዳላጣቸው ከልቤ ፈራሁ።

ጎረቤታችን የሆኑትን የቅኔ መምህር አማክሬ መልእክቱን አነበብኩላቸው።

«ቃሉስ ደግ ቃል ነው» አሉ የኔታ ጢማቸውን እየዳበሱ። «ግን አንት ሰው፣ ለቅሶ በእግር ነው የሚደረሰው። እዝን ይዘህ ሂድና ቁጭ በል። ደግሞ ወሬ አታብዛ።»

እዝን ለሐዘንተኛ ቤት የሚወሰድ ምግብ ነው፤ ወንደላጤ ሲያዘጋጀው ግን አይቼ አላውቅም። ሽሮ ሠራሁ። ጓጎለ። የጓጎለውን ስጨፈልቅ ደግሞ ከሥሩ አረረ። እንጀራ ገዝቼ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ እማማ ቤት ገባሁና «እግዚአብሔር ያጥናዎ» ብዬ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ዝም። ለእኔ ለለፍላፊው ዝምታ ከጾም ይብሳል።

እማማ በእንጀራ ጠቅሰው ቀመሱና ቆም አሉ።

«አንት ልጅ፣ ይኼን ራስህ ነህ የሠራኸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ያስታውቃል!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። እኔም እፎይ ብዬ አብሬ ሳቅሁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ምን እንዳደረግሁ ግራ ገባኝ።

«ወንድምዎ... እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡ።

«ድቁና ሲማር ጎጆ ውስጥ ራሱ ነበር የሚያበስል። ለመጠየቅ በሄድኩ ቁጥር እንዲህ ያለ ያረረ ሽሮ ያቀርብልኛል። እንዳይከፋው ብዬ ጥርግ አድርጌ እበላለት ነበር» አሉና ድስቱን ወደ ራሳቸው አስጠጉ።