የሟቹ በሬ ጥርስ

ማኅተሙን ሦስት ዓመት ይዤው ዞሬያለሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ ከደረት ኪሴ ነበር የማኖረው፤ ጎንበስ ስል ይወጋኛል። አሁን የለም። እጄ ግን አንዳንዴ ሳላዘው ኪሴን ይዳስሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለከብት መድን የሚሰጠው ኩባንያ ቢሮው ላሊበላ ነው። እኛ ያለነው ከገነተ ማርያም ወዲያ፣ ዳገቱን ከጨረሱ በኋላ ነው። ለአንድ በሬ ብሎ ከከተማ ዳገት የሚወጣ የለም፤ ገበሬውም ለአንድ በሬ ብሎ ሥራ ፈትቶ አይወርድም። እናም ኩባንያው ከገበሬ ማኅበራችን ጋር ተዋውሎ ውክልና ሰጠ፤ ማኅበሩ ደግሞ እኔን መረጠ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ አላለፍኩም። የመረጡኝም ለጽሕፈቱ ሳይሆን በሬ አውቃለሁ ብለው ነው።

ውክልናው ወሰን ነበረው። «በሬውን በዓይንዎ ይዩ፤ አፉን ከፍተው ጥርሱን ይመልከቱ፤ ዕድሜው ከዘጠኝ ካላለፈና ጤነኛ ከሆነ ጆሮው ላይ ቁጥሩን ይምቱና ወረቀቱን ያትሙ። እርስዎ ካተሙ እኛ አተምን ማለት ነው። ካለፈ ወይም ከተጠራጠሩ ግን አያትሙ፤ ወደ እኛ ይላኩት» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አነበቡልኝ። «ገባዎት?» ሲሉኝ «ገባኝ» አልኩ። ገብቶኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ጎረቤቴ ታሞ ሰንብቶ ሞተ። ሚስቱንና አንድ ቀይ ቦቃ በሬ ትቶ ነው የሞተው። በሬው ከሟቹ ወንድም በሬ ጋር ተጠምዶ በመቀናጆ ነበር የሚያርሰው። የመድኑ መዝገብ የሚዘጋው ክረምት ሳይገባ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሴትዮዋ ላከችብኝ። ሄድኩ። አርባው ገና አልወጣም፤ እሷ በነጠላዋ ተሸፋፍና ከደጅ ተቀምጣለች፣ ለቀስተኛውም አልተበተነም።

እኛ ዘንድ የበሬ አፍ ከፍቶ ጥርስ የሚያየው ገዢ ነው። አርባው ሳይወጣ በሟች ደጅ የሟችን በሬ አፍ ከፈትኩ ማለት፣ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ልገዛ መጣሁ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጄ እንቢ አለኝ። ደግሞስ በሬውን ከጥጃነቱ ጀምሮ አውቀው የለ?

«ዘንድሮ ሰባት ዓመቱ መሰለኝ» አልኩ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ወደ መሬት አቀረቀረች። እኔ ኀዘኗ ነው አልኩ። ጆሮው ላይ ቁጥሩን መታሁ፣ «ሰባት» ብዬ ጻፍኩ፣ አተምኩ።

በነሐሴ ጉም ሜዳውን ሸፍኖት ሳለ በሬው ገደል ገባ።

የሟቹ ወንድም የበሬውን ራስ ከነጆሮው ቆርጦ አቆየ፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ከቢሮው የመጣችው መርማሪ ሴት ናት፤ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ ደረሰች። ከበሬው ራስ አጠገብ ተቀምጣ መንጋጋውን ስታላቅቅ ወንድምየው ሳቀ።

«እመቤቴ፣ ከተማ ቤት ደግሞ የበሬ ጥርስ ማንበብ ያስተምራሉ?»

«የደላንታ ገበሬ ልጅ ነኝ። ከፈለግህ ያንተንም አነብልሃለሁ» አለችው።

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ አየሁና ሳቁ ጠፋብኝ። ጥርሱ አልቋል፤ ከድዱ ተስተካክሏል፤ ዘጠኝን ካለፈ ቆይቷል። የማውቀው በሬ አልነበረም።

«ይኼ ቀዩ ነው?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ቀዩማ ነው፤ ግን የፊተኛው አይደለም» አለች። «ባሌ ሲታመም የመድኃኒት መግዣ አጣንና ኮን ገበያ ወስዶ በዚህ ለወጠው፤ ትርፉን ለሐኪም አዋለው። አያ፣ አገር ያወቀውን እርስዎ የማያውቁ መስሎኝ ነው?»

አገር አላወቀም። ኮን ሩቅ ነው፣ መልኩም አንድ ነው።

መርማሪዋ ወረቀቱን አወጣች። «ሰባት ይላል። አባባ፣ ዕድሜውን የነገረችዎት እሷ ናት?»

ጥያቄው እንደ ሚዛን ተንጠለጠለ። «አዎ» ብል ሐሰት የተናገረችው እሷ ትሆናለች፤ ካሣው ይቀራል፣ የሚያርስላት በሬ ስለማይኖር መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። እኔ ከነማኅተሜ እቀመጣለሁ። ያን ቀን ሰባት ስል አላረመችኝምና አዎ ማለት ቀላል ነበር። ወንድምየው ዓይኑን ተከለብኝ። እሷ አላየችኝም።

«አልነገረችኝም» አልኩ። «ሰባት ያልኩት እኔ ነኝ። አፉንም አልከፈትኩም።»

«ለምን?»

«አርባው አልወጣም ነበር።»

መርማሪዋ የደላንታ ልጅ ናት፤ ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጻፈችና አነበበችልኝ፤ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ከመስቀል በኋላ ላሊበላ ጠሩኝ። ኃላፊው ወንበር ሰጠኝ፤ ሰው አክባሪ ነው።

«ካሣዋን እንከፍላለን» አለኝ። «ማኅተሙን የሰጠንዎት እኛ ነን። እርስዎ ከወሰንዎ ቢወጡ ነገሩ የእኛና የእርስዎ ነው፤ እሷ ምን አገባት? ግን አባባ፣ ማኅተሙን...»

ሳይጨርስ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ጨርቁን መልሶ ሰጠኝ።

ሌላ ሰው አልተተካም። ሥልጣኑ ወደ ቢሮው ተመለሰ። አሁን በሬውን በመድን ሊያስገባ የሚፈልግ ሁሉ ዳገቱን ይዞት ይወርዳል፤ የአንድ ቀን ሥራው ይሞታል። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲያገኙኝ «በእርስዎ ይሉኝታ እኛ እግራችን አለቀ» ይሉኛል። እውነት ነው። አንዳንዱማ ጭራሽ ትቶታል፤ በሬው ቢሞት ምን እንደሚሆን እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ። ይኼ ነው የሚያደክመኝ።

ጥር ላይ ሴትዮዋ አዲስ በሬ እየነዳች በደጄ አለፈች። ጥቁር ነው። አለፈች ስል ቆመች።

«አያ፣ አፉን ይክፈቱልኝ።»

«እኔ እኮ ማኅተም የለኝም።»

«ማን ማኅተም ጠየቀዎት? እስከ ከተማ ነድቼው አርጅቷል ብለው እንዳይመልሱኝ ነው።»

ከመደቡ ተነሣሁ። አፍንጫውን ይዤ ከንፈሩን ገለጥኩ፤ በሬው ራሱን ወዘወዘና ክንዴን በለሃጭ አራሰው። ስድስት ጥርስ አውጥቷል፤ ስምንቱ ገና አልሞላም። ለመተማመን ሁለተኛ ከፈትኩት። እሷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ወጣት ነው፤ ሂጂ፣ ይቀበሉሻል» አልኳት።

ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ አየኋቸው። ክንዴን ልታጠብ ብዬ ነበር፤ ውኃው ያለው ከጓሮ ነው። ደከመኝና መልሼ ተቀመጥኩ፤ ለሃጩ እዚያው ክንዴ ላይ ደረቀ።