አራተኛው ጠርሙስ

መደንዘዙ የጀመረኝ በቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ መሪ ስይዝ ይለቀኝና እረሳዋለሁ። እያደር ግን ሌሎቹም ጣቶች ተከተሉ፤ የሸሚዜን ቁልፍ ባለቤቴ ትቆልፍልኝ ጀመር። ቆልፋ ስትጨርስ ደረቴን መታ ታደርገኛለች፤ እወጣለሁ።

ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ የምመላለስ ሹፌር ነኝ። የመንጃ ፈቃዴ ማደሻ ሲደርስ ለጤና ምርመራ ሄድኩ። ሐኪሟ ዓይኔን ለካች፣ ጆሮዬን አየች፤ በመጨረሻም ዓይኔን አስጨፍና ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገች «ይሰማዎታል?» ትለኝ ገባች። የተሰማኝንም ያልተሰማኝንም አዎ አልኩ። አልተሸወደችም። የብዙ ዓመት ንዝረት ነርቭ እንደሚጎዳ ነገረችኝ። «በወሩ ተመልሰው ይምጡ፤ ካልተሻለዎት አልፈርምም። እስከዚያም ባይነዱ ይሻላል» አለች።

አለመንዳቱን እንዳልሰማ ሆንኩ። ሌላ ሥራ አላውቅም፤ ልማር ብልም ዕድሜው አልፏል። ስለዚህ ያ ወር ለእኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ እጄ ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። መኪናዬን ከድሮ ጀምሮ የሚሠራልኝ መካኒክ ወልድያ ውስጥ ጋራዥ አለው፤ እኩያዬ ነው፣ ምላሱ ግን ከእኔ ይረዝማል። መምህሩ ወደ እሱ መጥቶ በናፍጣ የሚሄድ ሚኒባስና ልምድ ያለው ሹፌር እንደሚፈልግ ነገረው። መካኒኩም እኔን ጠቆመ። መምህሩ ገና ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ጫማው ሁልጊዜ አቧራ የለበሰ ነው። በካርቶን ስድስት ጠርሙስ ይዞ ነበር፤ ሁሉም ላይ ቁጥር ተጽፏል።

ነገሩን አስረዳን። ከማዕድን የሚሠራ ዱቄት አለ፤ እጅግ ከመድቀቁ የተነሳ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም፤ ናኖ ይሉታል። ናፍጣ ውስጥ በልኩ ሲጨመር ናፍጣው ቶሎና በደንብ ይቃጠላል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ፍንዳታ ይለሰልሳል፤ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። እሱ ማወቅ የፈለገው የሚቀንሰው ንዝረት ለሹፌሩ ይሰማዋል ወይስ አይሰማውም የሚለውን ነው።

«ካልታየ ታዲያ መኖሩን በምን አወቅህ?» አለው መካኒኩ። «እኔ ተፈጭቶ የማውቀው በርበሬና ሽሮ ነው።»

መምህሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። መንቀጥቀጥ ይቀንሳል ያለው ቃል ውስጤ ቀርቷል። ለእሱ ጥናት ነው፤ እኔ ግን እጄን የሚያድን መድኃኒት ያገኘሁ መሰለኝ። ስለ ሐኪሟ ለሁለቱም አልነገርኳቸውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በየጠዋቱ መካኒኩ የነዳጅ ጋኑን ያራግፋል፤ መምህሩ ለክቶ ንጹሕ ናፍጣ ይሞላና አንዱን ጠርሙስ ይጨምርበታል። ዱቄቱ ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱ ከመጨመሩ በፊት እንደ ሕፃን ሽሮፕ በደንብ ይናጣል። ከጠርሙሶቹ ገሚሱ ዱቄት ያለበት ነው፣ ገሚሱ ናፍጣ ብቻ ነው፤ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ንዝረት የምትለካ የክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ መሪው ሥር በፕላስተር ተለጠፈች። እኔ ማታ ስገባ ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር እጽፋለሁ፤ አንድ ማለት ምንም አይንቀጠቀጥም፣ አሥር ማለት አያስነዳም።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ የነዳሁ ዕለት መኪናው ያው መኪናዬ ነበር። ማታ ስመለስ ግን ልጁ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ፀሐይ ሲያንገላታው እንደዋለ ፊቱ ይናገራል። እኛ አገር ደግሞ ሰው ለፍቶ ያመጣውን ነገር ፊት ለፊት ማጣጣል ነውር ነው። ሰባት ልጽፍ ያሰብኩትን አራት ጻፍኩለት። ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ደስ እንዲለኝ ብለው እንዳይጽፉ። በሞቴ፣ የተሰማዎትን ብቻ።»

አፈርኩ። አራቱን ሰርዤ ሰባት ጻፍኩ፤ ከዚያ በኋላ ላልዋሽ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሁለተኛውን ስድስት አልኩት፣ ሦስተኛውንም ስድስት። ይሉኝታን ካወጡለት ቁጥር መጻፍ አስቸጋሪ አይደለም።

አራተኛው ጠርሙስ የዋለው በገበያ ቀን ነው። ከመርሳ ስነሳ መኪናው ሞልቷል። ከጎኔ ጋቢና የተቀመጡት ብርቱካን ነጋዴ የሆኑ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፤ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። ገና ከከተማው ሳንወጣ ዞር ብለው አዩኝ።

«አንተ ሹፌር፣ ይኼ መኪናህ ዛሬ ምን ሆኗል? ሆዴን ናጠው እኮ!»

«አብሽሩ እናቴ፤ ዛሬማ እንደ ፍራሽ ነው።»

«ወላሂ ጥርሴ እየተፋጨ ነው! ይኼ ብርቱካን ወልድያ የሚደርሰው ጭማቂ ሆኖ ነው።»

«ብርጭቆ እናዋጣለና» አልኳቸው። ከኋላ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ እሳቸውም ሳይወዱ ሳቁ።

እየቀለድኩ አልነበረም። እጄ ላይ ሰላም ነበር። ለወትሮው መሪው መዳፌን ይነዝረዋል፤ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ይወጣል፤ የዚያን ቀን ግን ዝም አለ። ሲሪንቃን ስናልፍ ዘፈን ከፍ አድርጌ ከፈትኩ፤ አብሬም አንጎራጎርኩ። ወንበሬ ላይ ለወገቤ ብዬ ወፍራም ስፖንጅ ስለማነጥፍ ከታች የሚመጣ ነገር አይሰማኝም፤ የመኪናዬን ሁኔታ የማውቀው በእጄ ነው። ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን እንዳቀፉ ወረዱ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ከነዳሁ ቆይቻለሁ። ማታ ሁለት ጻፍኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ «እጄ ለቀቀኝ» አልኳት። «ተመስገን!» አለች፤ አልጠየቀችኝም። በነጋታው የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ ልቆልፍ ሞከርኩ። የላይኛውን እንኳ ማግኘት አቃተኝ። ብርዱ ነው አልኩና ወደ እሷ ዞርኩ።

የዚያን ጠዋት ጋራዥ ስደርስ መካኒኩ ናፍጣውን ሊያራግፍ መኪናውን ወደ ውስጥ ለማስገባት አስነሳው። ወዲያው መልሶ አጠፋው።

«ትናንት ይኼን ነው የነዳኸው?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

ከመኪናው ሥር ገባ። ሲወጣ እጁ ላይ ለሁለት የተገነጠለ ጎማ ይዟል። ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ነው፤ ያ ከተበጠሰ ሞተሩ የመኪናውን ብረት እየደበደበ ነው የሚሄደው። «ሰው እንዴት አልጮኸብህም?» አለ እየሳቀ፣ ሌላ ጎማ ለመፈለግም ወጣ።

መምህሩ ላፕቶፑን ኮፈኑ ላይ ከፈተ። ዕቃዋ የለካችው ንዝረት በመስመር ተስሏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የተቀራረቡ ናቸው፤ ዱቄቱ ያለባቸው ሁለቱ ከሌላው ዝቅ ብለዋል፣ ግን በጥቂቱ ነው። የአራተኛው ቀን መስመር ከመርሳ ጀምሮ ተተኩሶ ወጥቶ ወልድያ እስኪደርስ አልወረደም። ልጁ ወረቀቴን አየ፣ መስመሩን አየ፣ እኔን ላለማየት ደግሞ ተጣጣረ።

«አራተኛው ናፍጣ ብቻ ነበር ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «ምንም ዱቄት የለበትም።»

ጎንበስ ብዬ ወረቀቴን አየሁት፤ ሁለት ይላል።

«ምናልባት ሲጽፉ ቁጥሩ ተገላብጦብዎት ይሆናል። ድካምም አለ። ዘጠኝ ለማለት ነው? ላስተካክለው እችላለሁ።»

በዚያች ቅጽበት ነው የፈራሁት። ሰላም ያልኩት ነገር ሰላም አልነበረም። አሥራ ምናምን ሰው ጭኜ ሞተሩ መኪናውን ሲደበድበው እኔ አንጎራጉር ነበር። ልጁ የሰጠኝ መውጫ ደግሞ ሰፊ ነው፤ አዎ፣ ተሳስቼ ነው ብል ማንም አያውቅም። እሱም ደስ ይለዋል፣ ቁጥሩም ከማሽኑ ጋር ይገጥማል።

«አትንካው» አልኩት። «የተሰማኝ እሱ ነው።»

መካኒኩ አዲሱን ጎማ አግኝቶ እስኪገጥም ረፋዱ አለፈ። ሲጨርስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወንበሬ ላይ እንድወጣ በአገጩ ጠቆመኝ። ወጣሁ፤ አስነሳሁት፤ እጄን መሪው ላይ አሳረፍኩ። እሱ በአንዱ በኩል ቆሟል፣ መምህሩ በሌላው።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለኝ መካኒኩ።

ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ከትናንቱ የተለየ ነገር የለም፤ ያው ዝምታ ነው። ሰላም ነው ብል ሁለቱም ያምኑኛል፤ የመርሳ ተሳፋሪም መናኸሪያ እየጠበቀኝ ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋ በሩን ከፍቼ ወረድኩ።

«እኔ አላውቅም» አልኩት መካኒኩን። «አንተ ንዳው።»

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወንበሬ ላይ ወጣ።