ባዶውን ያልዞረው መውቂያ

ጠዋት ልጄን እኔ መታኋት፤ ከቀትር በፊት ደግሞ ብረት መታት። የእኔ ጥፊ ግራ ጉንጯ ላይ አረፈ፤ ብረቱ ቀኝ ዓይኗን ይዞ ሄደ። አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። እኔ ግን ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

የምኖረው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ከገብስ ሌላ እምብዛም በማይበቅልበት ብርድ አገር ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። በኋላ ላሊበላ ገበያ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ሽፋኑ የተገነጠለ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዛሁና ክረምት በመጣ ቁጥር እንደ ዳዊት ደገምኩት። በመንደራችን የድንበር ወይም የውርስ ጠብ ሲነሳ ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ልጆቼንም «የሠራ ይጠየቃል፣ ያጠፋ ይክሳል» እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው። ይህን ስል ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሌላ ሰው ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ በሬዎቻችን አለቁ። ሁለት ዓመት በልመና በሬ አበራየሁ። በሦስተኛው ዓመት፣ ከወልድያ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ወጣት በያጅ መውቂያ ማሽን እየሠራ ይሸጣል ሲባል ሰማን። ከታላቁ ልጄ ጋር ሄደን አየነው። አግድም የተጋደመ የብረት በርሜል ነው፤ ዙሪያውን እንደ ጣት የቆሙ ጥርሶች ተበይደውበታል። ሞተሩ በርሜሉን ያሽከረክራል፤ በአፉ የገባውን ነዶ ጥርሶቹ ይፈጩታል፤ ገብሱ ከታች፣ ገለባው በጎን ይወጣል። የቀሩንን በጎች ሸጠን ገዛነው።

በያጁ ራሱ በታኅሣሥ በአይሱዙ አመጣልን። መኪና መግባት ከሚችልበት ጀምሮ ስምንት ሰው ተሸክሞ አውድማው ላይ አሳረፈው። ተሸካሚዎቹ እህል ሊቀምሱ ወረዱ፤ ታላቁ ልጄም ናፍጣ ሊያመጣ ተከተላቸው። እኔ፣ በያጁና ሴት ልጄ ብቻ ቀረን። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች፣ ጥያቄ የምታበዛ ልጅ ናት።

በያጁ ብሎኖቹን አጠባበቀና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለኝ። «ነዶ ከማስገባትዎ በፊት እስከ ምሳ ድረስ ባዶውን ይዙር። ብየዳው የከዳው ጥርስ ካለ ያኔ ይለቃል። ሲዞር ግን ሰው አፉ ፊት እንዳይቆም።»

«እሺ» አልኩት። ሾፌሩ ከታች ጥሩምባ ሲነፋበት እየሮጠ ወረደ።

እሺ ያልኩት እንዲሄድልኝ ነው። አውድማው በእበት ተለቅልቋል፣ ጠበል ተረጭቶበታል፣ የመጀመሪያው ነዶም ወርዷል። በእኛ አገር እንዲህ በተባረከ አውድማ ላይ ምንም ነገር ባዶውን አይዞርም። በሬ እንኳ ከነዶው በፊት አይረግጠውም። ባዶ የዞረበት አውድማ ጎተራን ባዶ ያስቀራል ይባላል፤ አባቴም እንዲህ ነበር የሚለኝ። ሕግ አንባቢ ነኝ የምለው ሰው ይህን ለመጠየቅ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

«አባየ» አለች ልጄ፣ «ሰውየው ባዶውን ይዙር ብሏል እኮ።»

«አውድማ ላይ?»

«እንግዲያው ሜዳው ላይ እናውጣውና ይዙር።»

«ስምንት ሰው ተሸክሞ ያመጣውን?»

«ስምንቱም እህል በልተው ይመጣሉ። ምን ችግር አለው? እርስዎ ብቻ…»

ደቦው ሊሰበሰብ ነው። አባወራው ማሽን ገዝቶ በልጁ ቃል ወዲያ ወዲህ ያስጉዘዋል ሊባል ነው። ከክምሩ ጀርባ ነበርን፤ የሚያየን ሰው የለም። በጥፊ መታኋት። ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ይዛ ነዶ ለመሸከም ሄደች።

ረፋዱ ላይ ሞተሩ ተነሳ። ታላቁ ልጄ አፉ ላይ ቆሞ ያጎርሳል፣ እህቱ ከኋላው ነዶ ታቀብለዋለች፣ ሌሎቻችን ገለባውን በመንሽ እንበትናለን። ወንዶቹ «ይህ በሬ ጭራም የለው፣ አይሸናም!» እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ድንጋይ ጣሳ ውስጥ እንደወደቀ ያለ። ታላቁ ልጄ ጆሮውን ያዘ። ከበርሜሉ የተነቀለች አንዲት የብረት ጥርስ ጆሮውን ጫር አድርጋ ነበር ያለፈችው። ዞር ስል ልጄ ነዶውን እንዳቀፈች ተንበርክካለች። ደሙ ገብሱ ላይ ይወርዳል። ነዶውን ከእጇ ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ሆነን ታገልን።

በቃሬዛ አወረድናት፤ ከላሊበላ ወደ ደሴ አሳለፏት። በሦስተኛው ቀን እናቷ ከደሴ ደወለች። «ዓይኑን አወጡት» ብላ ዘጋችው።

ታላቁ ልጄ ያቺን የብረት ጥርስ ታጥቦ በማይለቅ ደሟ እንደተለወሰች ኪሱ አስቀምጧት ነበር። ተነሳ፤ እኔም ተከተልኩት። ላስቆመው አልነበረም የተከተልኩት።

በያጁን ብየዳ ቤቱ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲበይድ አገኘነው። ታላቁ ልጄ የብረት ጥርሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወራት።

«ይህችን ታውቃታለህ?»

በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገ። «የኔ ናት። ምን ሆነ?»

«ከእህቴ ዓይን ውስጥ ነው ያወጣኋት።»

ልጄ ከመሬት የፌሮ ቁራጭ አነሳ። የመጀመሪያው ምት ትከሻውን አገኘው። በያጁ ሊሸሽ ሲል ክንዱን ያዝኩት፤ እኔ ነኝ የያዝኩት። ሁለተኛው ምት ክንዱ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር በእጄ ተሰማኝ፤ እርጥብ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው።

«ነግሬያለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ወላሂ ነግሬያለሁ! ጋሼ፣ ባዶውን ይዙር ብዬ ለእርስዎ…»

አፉን በመዳፌ ከደንኩት። ነከሰኝ፤ ጥርሱ ሥጋዬ ውስጥ ገባ፤ እኔ ግን አልለቀቅኩም። ጎረቤት ደርሶ እስኪገላግል ድረስ አፉን አፍኜ ይዤዋለሁ። ታላቁ ልጄ ሰውየው ለማምለጥ የሚዋሽ፣ እኔም ከቁጣ ያፈንኩት መስሎት ነበር። ንክሻው እስከ ዛሬ መዳፌ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ደም ሄደ። የበያጁ ወንድሞች መሣሪያ ይዘው መንገድ ላይ እንደሚጠብቁን ተላከብን። ታላቁ ልጄም ክላሹን አወረደ፤ ሚስቱ እግሩ ላይ ወድቃ ስታለቅስ ተራምዷት ወጣ። አንድ ሰው ከሞተ ደግሞ ሌላ እንደሚሞት ሁላችንም እናውቃለን። ከእኛ በኩል የንስሐ አባታችን፣ ከእነሱ በኩል አንድ አዛውንት ሼህ መሐል ገቡ። «ዕቃውን ሳናይ አንፈርድም» ብለው በእኛው ሜዳ ላይ፣ ከአውድማው አጠገብ ተቀመጡ። በያጁ ክንዱ ታስሮ መጣ። ልጄም ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ታላቁ ልጄ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ነበር፤ ቄሱ ለምነው ከኋላው እንዲያስቀምጠው አደረጉ።

እኔ መጽሐፌን ይዤ ቆምኩ። ዕቃ እየሠራ ለትርፍ የሚሸጥ ሰው፣ ዕቃው በወጉ ሲሠራበት ሌላውን ቢጎዳ ሠሪው ኃላፊ እንደሆነ አነበብኩላቸው። ከሥሩ ሌላ ቃል ነበር። ጣቴን አኖርኩበትና መጽሐፉን ዘጋሁ።

«መልካም ቃል ነው» አሉ ቄሱ።

አንድ ጎረቤቴ ከኋላ ብድግ አለ። የእኛን ማሽን ተማምኖ በሬ ሳይለምን ተቀምጦ፣ ክምሩ ያላሰበው ዝናብ መትቶት የበቀለበት ሰው ነው። «የእኔስ ገብስ? ክምሬ ላይ እኮ ሣር በቅሏል! እኔንም ይካሰኝ።»

«ጥርሷ ክምርህን ወጋችው?» አሉት ሼሁ።

«አልወጋችውም።»

«እንግዲያው ፍየልህን ሣሩ ላይ ልቀቃት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። በያጁም አልሳቀም።

«ነግሬያቸው ነበር» አለ በያጁ። «ባዶውን ይዙር ብያለሁ። ልጅቱ ቆማ ትሰማ ነበር፤ እሷን ጠይቋት።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ ልጄ» አሏት ሼሁ። «ቃልሽ ዓይንሽን አይመልስልንም፤ ግን ሁለት ቤት ሊተላለቅ ነው። ብሏል ወይስ አላለም?»

ያላትን አንድ ዓይን እኔ ላይ አሳረፈች። «ሞተሩ ይጮህ ነበር» አለች። «አልሰማሁም።»

በዚያን ሰዓት ሞተሩ አልተነሳም ነበር፤ ናፍጣው እንኳ አልመጣም። ሐሰት ስትናገር በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ሐሰት ሲናገሩ የያዝኳቸውን ልጆቼን በአለንጋ ገርፌአለሁ። አሁን ለእኔ ብላ በቄስ ፊት ዋሸች፤ በያጁም አንገቱን ደፋ። የወንድሟ እጅ ወደ ኋላው፣ ወደ ክላሹ ሲሄድ አየሁ።

መጽሐፉን ከፈትኩና ከሥሩ ያለውን አነበብኩ። ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ሠሪው አይጠየቅም ይላል።

«ነግሮኛል» አልኩ። «እሺ ብዬዋለሁ። አውድማው እንዳይረክስ ብዬ የከለከልኩ እኔ ነኝ። ሞተሩም አልተነሳም ነበር። ሲደበደብም አፉን ያፈንኩት ይህን እንዳይናገር ነው።»

ታላቁ ልጄ ከጎኑ የነበረውን ዱላ አንስቶ እፊቴ ቆመ። ዕድሜ ልኩን «እርስዎ» ሲለኝ የኖረ ልጅ ነው።

«አንተ ነህ!» አለኝ። «ሰው ልታስገድለኝ ነበር! አንተ!»

ዱላውን ከፍ ሲያደርገው አልሸሸሁም። ድንጋይ ላይ ሰባብሮት ሄደ። ክላሹን እዚያው ትቶት ነበር፤ ቄሱ አንስተው ቀሚሳቸው ሥር አደረጉት።

«ቃል ብቻ አይበቃም» አሉ ሼሁ። «ማሽኑ ይውጣና ይዙር።»

ስምንት ሰው ተሸክሞ ሜዳው ላይ አወጣው። ስምንት ሰው ለማግኘት የፈጀው ጥሪ አንድ ብቻ ነበር። ሁላችንም ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ተጎነበስን፤ ሞተሩ ባዶውን ዞረ። ሰው ቁርሱን በልቶ በማይጨርስበት ጊዜ ውስጥ አንዲት ጥርስ ወጥታ ካቡን መታች፤ ድንጋዩ ተሰነጠቀ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ወጣች። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ሼሁ ወደ በያጁ ዞሩ። «ልጄ፣ አንተስ ግቢህ ውስጥ ይህን ያህል ብታዞረው ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«ቸኩዬ ነበር። ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነበር።»

«ጥርሱ ከምንድን ነው?»

«ከቤት መሥሪያ ፌሮ… ከትራፊ።»

ቄሱ ወደ እኔ ተመለከቱ። «በመጽሐፍህ ከሄድን ልጅቱ ባዶ እጇን ልትቀር ነው?»

«እንደ መጽሐፉ እንዲያ ይመስለኛል፣ አባታችን።»

«እንግዲያው መጽሐፍህን ጠቅልለው» አሉ ሼሁ። «ዓይኗ የሁለታችሁም ዕዳ ነው።»

በያጁ ማሽኑን ወስዶ በጥሩ ብረት እንዲሠራው፣ የሚሸጥበትም ዋጋ የልጅቱ እንዲሆን ፈረዱ። ለክንዱ ማሳከሚያ እኔ ተጠየቅሁ። ወንድሞቹ መጥተው ደም ላንፈላለግ ከእኔ ጋር ማሉ፤ ታላቁ ልጄም በማግስቱ በቄሱ ቤት ማለ። ክምሩ ለበቀለበት ጎረቤቴ ማንም አልፈረደለትም። እኔ ግን ለዘር ካስቀመጥኩት ገብስ ሰፍሬ ሰጠሁት፤ በማሽኔ እንደሚወቃ ቃል የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ሲቀበለኝ «ሕግህ ነው ወይስ አንተ?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

ታላቁ ልጄ ሲያመኝ ይመጣል፣ ክረምት ጣራዬን ይከድናል። ግን ያን ቀን «አንተ» እንዳለኝ ቀረ። አልገሥጸውም።

ሽማግሌዎቹ ፊት ሳልናገረው የቀረ አንድ ነገር አለ፤ ጥፊው። ማንም አልጠየቀኝም፤ መጽሐፉም ስለ እሱ የሚለው የለም። ልጄም አላነሳችው። ሌላውን ሁሉ ተናግሬ እሱን ዋጥኩት። አባት ልጁን ቢመታ ምን አለበት ብዬ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ስለዚህ ስጽፍ ከሁሉ አስቀደምኩት።

ጽፌ ስጨርስ ወረቀቱን ለእሷ ሰጠኋት፤ ከእኔ ይልቅ ፊደሏ የታረመ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ፣ ወረቀቱን ወደ ግራ ዓይኗ አስጠግታ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ሁለት ቦታ ፊደል አረመች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳ ጣቷን «ጥፊ» የሚለው ቃል ላይ አኖረች።

«አባየ» አለችኝ፣ «ሁለት ጊዜ ነው የመቱኝ።»

እኔ የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው።